ቀለበቱን የሰጠው ሕዝብ

ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935) የኢጣልያ ንግሥት ኤሌና ሮም መካከል ባለው ግዙፍ የእብነ በረድ ሐውልት ደረጃ ላይ ወጣች። ባልታወቀው ወታደር መቃብር ፊት ጭስ የሚትጎለጎልበት ትልቅ ጥና ተቀምጧል። የራሷንና የባሏን የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌን የጋብቻ ቀለበት እዚያ ውስጥ ጣለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጅና ባል ያጡ ሴቶች ተከተሏት። ከእነሱ ኋላ ተራው ሕዝብ መጣ። ወርቁን የሰጠ ሁሉ በምትኩ ቄስ የባረከው የብረት ቀለበት ይቀበላል። በሮም ብቻ 250,000 ያህል ቀለበት እንደተሰበሰበ ይነገራል፤ በመላ አገሪቱ በዘመቻው የተገኘው ወርቅ ከ30 ቶን በላይ ነበር። ዕለቱ «የፌዴ ቀን» ተባለ። «ፌዴ» በጣልያንኛ እምነት ማለት ነው፤ የጋብቻ ቀለበት ማለትም ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው ቋንቋውን በደንብ ያውቅ ነበር።

ወርቁ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ወረራ ነው። የጄኔራል ዴ ቦኖ ጦር መረብን ከተሻገረ ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል። ዐድዋ በመጀመሪያው ቀን ከአየር ተደብድባለች። ንግሥቲቱ ቀለበቷን ከጣለች ጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳርቻ በነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ መጣል ጀመሩ።

ስለዚህ ጦርነት በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ ተወረረው ወገን ነው፤ ስለ አርበኛው፣ ስለ ተሰደዱት ንጉሥ፣ ስለ ባንዳው። ወራሪው ሲጠቀስ ሙሶሊኒ፣ ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ ይባልና ያበቃል። ተራ ወረፋ ይዛ ቀለበቷን ያወለቀችው ሴት ምን አስባ እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቀላሉ መልስ «ፈርታ ነው» የሚል ነው። በእርግጥ አገሪቱ አምባገነን ነበራት፤ ጋዜጣው የመንግሥት ነው፤ ጣቱ ላይ የብረት ቀለበት ያላደረገ ሰው ጎረቤት ያየዋል። ግን ፍርሃት ሁሉንም አያስረዳም። የፋሽስቱን አገዛዝ ሲነቅፍ የኖረው ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼ የሴናተርነት ሜዳሊያውን ሰጠ። የመንግሥትን ፖሊሲ ባይደግፍም ለእናት ሀገር ስም ክብር ሲል እንደሰጠ ጻፈ። ሉዊጂ ፒራንዴሎ ከአንድ ዓመት በፊት የተቀበለውን የኖቤል ሜዳሊያ ሰጠ። በስደት ይኖር የነበረው የቀድሞ ሚኒስትርና ሶሻሊስት አርቱሮ ላብሪዮላ ደግሞ ጦርነቱን ደግፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ላብሪዮላን ከውጭ አገር ጎትቶ ያመጣው ፖሊስ አልነበረም። የፋሽዝምን ዘመን በማጥናት ስሙ የገነነው ሬንዞ ደ ፌሊቼም አገዛዙ ከፍተኛውን የሕዝብ ድጋፍ ያገኘው በዚህ ጦርነት ወቅት ነው ይላል።

ነገሩን ይበልጥ እንቆቅልሽ የሚያደርገው ከአርባ ዓመት በፊት የሆነው ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የባራቲየሪ ጦር ዐድዋ ላይ ሲደመሰስ ወሬው ኢጣልያ እንደደረሰ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። የወጣው ግን በቀል ለመጠየቅ አልነበረም። ሚላኖ፣ ሮም፣ ፓቪያ ተረበሹ፤ ፓቪያ ላይ ሕዝቡ ወታደር የጫነ ባቡር እንዳይሄድ ሐዲዱን ዘጋ። በአንዳንድ ከተሞች «ምኒልክ ለዘላለም ይኑር» ተብሎ እንደተጮኸ በጊዜው ተዘግቧል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቀ። ይህ ከአፍሪካ ፍቅር የመጣ አልነበረም፤ ያን ማለት ታሪክን ማሳመር ይሆናል። ሰልፈኛው የተቆጣው በግብሩና በልጁ ነበር። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ሶሻሊስቱ አንድሬያ ኮስታ በ1887 በፓርላማ ተነሥቶ ለአፍሪካው ጀብዱ አንድ ሰው፣ አንድ ሳንቲምም አንሰጥም ብሎ ነበር፤ ሕዝቡን የገባው ይህ ቋንቋ ነው። በ1911 ኢጣልያ ሊቢያን ስትወርም ተቃውሞው አልጠፋም። ፎርሊ አካባቢ ሕዝቡን ለሥራ ማቆምና ለዐመፅ ቀስቅሰሃል ተብሎ ለአምስት ወር የታሰረ አንድ የ28 ዓመት ሶሻሊስት ነበር። ስሙ ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነው።

እንግዲህ ያው ሰው፣ ያው ሕዝብ፣ ያችው ኢትዮጵያ ናት። የተለወጠው ስለ ጦርነቱ የሚነገረው ታሪክ ነበር። ለውጡንም ከጄኔራሎች ይልቅ የጀመሩት ጸሐፊዎች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ጆቫኒ ፓስኮሊን የሚያህል ምሳሌ የለም። ፓስኮሊ በወጣትነቱ በሶሻሊስትነት የታሰረ፣ ስለ ሞተ አባቱ፣ ስለ ጎጆውና ስለ ወፎች የሚገጥም ለስላሳ ባለቅኔ ነበር። በኖቬምበር 1911 ባርጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ቴአትር ቤት ውስጥ ስለ ሊቢያ ጦርነት ንግግር አደረገ። ርዕሱ «ታላቋ ወዛደር ተነሣች» የሚል ነው። ወዛደሯ ኢጣልያ ራሷ ናት። ልጆቿ በሰው አገር ድንጋይ የሚፈልጡ፣ ዋሻ የሚቆፍሩ፣ በቆዳቸውና በስማቸው የሚሰደቡ ናቸው፤ አሁን ግን ለራሳቸው የሚሠሩበት መሬት አገኙ፤ ያውም ባሕሩን ተሻግሮ ቅርብ ነው። በንግግሩ ውስጥ የመሬቱ ባለቤት የሚባል ሰው እምብዛም አይታይም። ያለው ድሃው ኢጣልያዊ ብቻ ነው።

ይህ ንግግር ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልሠራ ነበር። ከ1876 እስከ 1914 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያህል ኢጣልያውያን አገራቸውን ለቀው ወጥተዋል። በ1924 አሜሪካ ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ኢጣልያ በዓመት የምትልከው ሰው ከ4,000 በታች እንዲሆን ተወሰነ። ውርደቱና ረኀቡ እውነት ነበር፤ የተዘጋው በርም እውነት ነበር። ፓስኮሊ ያደረገው ይህን እውነተኛ ቁስል ወስዶ ቁስሉን ላላደረሰው ለሌላ ሕዝብ ዕዳ አድርጎ መጻፍ ነው። የሊቢያ ገበሬ ኢጣልያዊውን በኒው ዮርክ ወደብ አልሰደበውም። ሙሶሊኒም ቅኔውን አልረሳም። በዚያው በቀለበቱ ቀን ረግረጉ ተጠፍጥፎ የተሠራችውን የፖንቲኒያ ከተማ ሲመርቅ የአፍሪካው ጦርነት የድሆች፣ የተነጠቁ ሰዎችና የወዛደሮች ጦርነት ነው አለ። ለድሃው የታሰበው መሬት ግን ብዙም አልታረሰም። አገዛዙ እስኪወድቅ ኢትዮጵያ ውስጥ የሰፈሩት የኢጣልያ ገበሬ ቤተሰቦች በመቶዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ቁስል ዐድዋ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ዐድዋን ሲማር የበዓል ስም ነው፤ ለኢጣልያዊው ልጅ ደግሞ ጠባሳ ነበር። ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ በንግግሩም በግጥሙም ያን ጠባሳ እየነካካ እንዳይሽር አድርጎታል። ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ዛሬም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ስንቱ ሐበሻ አውቶቡስ ሲጠብቅ ቆሞበታል፤ አምስት መቶዎቹ ግን በጃንዋሪ 1887 በራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ያለቁት ወታደሮች ናቸው። ስሙ የሚናገረው መሞታቸውን ነው። ከገዛ ምድራቸው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው እዚያ ምን ይሠሩ እንደነበር ስሙ አይናገርም። በወልወል ግጭትም እንዲሁ ነበር። በዲሴምበር 1934 ግጭቱ የተነሣው ኢጣልያ ኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ዘልቃ በያዘችው ምሽግ ነው፤ ይቅርታና ካሳ የጠየቀችው ግን ኢጣልያ ናት።

በወረራው ዋዜማ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1935፣ በመላ ኢጣልያ ደወል ተደውሎ ሕዝቡ በየአደባባዩ ራዲዮ እንዲሰማ ተጠራ። ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ከኢትዮጵያ ጋር አርባ ዓመት ታገሥን፣ አሁን በቃን አለ። ታገሥን! በአማርኛ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚያ ሰገነት ሥር ግን ተረቱ ተገልብጦ ነበር፤ የወጋው ራሱን እንደተወጋ ቆጥሮ፣ አልረሳም ብሎ እየፎከረ ነበር። ከሕዝቡ የተፈለገው ጦርነት እንዲወድ አልነበረም። ትዕግሥቱ እንዳለቀ ሰው ራሱን እንዲያይ ብቻ ነው የተፈለገው፤ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ከዚያ የመንግሥታት ማኅበር ለሙሶሊኒ ስጦታ አመጣለት። ማኅበሩ በኦክቶበር ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ በየነ፤ ማዕቀቡም በኖቬምበር 18 ሥራ ላይ ዋለ። ነዳጅ አልተከለከለም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የኢጣልያ መርከቦች ወታደርና ጋዝ ጭነው ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ኩባንያ ቀረጥ እየከፈሉ ያልፉ ነበር። ማለትም ማዕቀቡ ጦሩን የማያቆም፣ ሕዝቡን ግን የሚያስቆጣ ሆነ። አገዛዙ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ማዕቀቡን እንደ ከበባ የሚዘክር የድንጋይ ጽሑፍ እንዲሰቀል አዘዘ። በእንግሊዝ ሻይ ፋንታ ከርከዴ እንዲጠጣ ተሰበከ። ሌላ አገር የከበበ ጦር የላከ ሕዝብ ቤቱ ቁጭ ብሎ «ተከብቤአለሁ» አለ፤ አለማለት ደግሞ ከባድ ነበር፤ ከርከዴው ፊቱ ተቀምጧል። እንግሊዝ ሩብ ዓለም ይዛ ስለ ፍትሕ መስበኳ ግብዝነት ነው ሲሉም አልተሳሳቱም። የእንግሊዝ ግብዝነት ግን መረብን ለመሻገር ፈቃድ አይሆንም። በጊዜው ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አንድ ላይ መያዝ የቻለ ሰው ጥቂት ነበር።

ወደ ቀለበቱ እንመለስ። የወርቁ ዋጋ ለጦርነቱ ወጪ የረባ ነገር አልነበረም፤ ብልሃቱ ሌላ ቦታ ነው። ሰው ያመነበትን ነገር ይሰጣል ይባላል። ተገላቢጦሹ ብዙ ጊዜ የበለጠ እውነት ነው፦ የሰጠበትን ነገር ያምናል። ቀለበቷን የሰጠች ሴት ከዚያ ቀን በኋላ ጦርነቱ ግፍ ነው የሚል ወሬ ብትሰማ ወሬው የሚነካው ሙሶሊኒን ብቻ አይደለም፤ ትዳሯን ሳይቀር ለግፍ ሰጥታለች ማለት ይሆናል። የብረቱ ቀለበት ጣቷ ላይ ነው፤ በየቀኑ ታየዋለች። ክሮቼም እንዲሁ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ ሲል እጁ ውስጥ ገባ። የእናት ሀገርን ስምና የመንግሥትን ፖሊሲ በሐሳብ መለየት ይቻላል። ጥናው ውስጥ ግን ሜዳሊያው ከሌላው ወርቅ ጋር አብሮ ይቀልጣል።

ሩኅሩኅ ለሆነው ሰው ደግሞ ሌላ በር ተከፍቶለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት ነበር፤ ይህ የሚካድ አይደለም፤ አገሪቱ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ልታስቀረው ቃል ገብታለች። ዴ ቦኖ ትግራይ እንደገባ ባርነት ቀርቷል የሚል አዋጅ አወጣ፤ የኢጣልያ ጋዜጦችም በሥዕል አደመቁት። በ1935 በየሰፈሩ የተዘፈነው «ፋቼታ ኔራ» የተባለው ዘፈንም ወታደሩን ነጻ አውጪ፣ ሐበሻይቱን ልጅ ነጻ ወጪ ያደርጋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1937፣ ኢጣልያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ ወጣ። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በኦክቶበር 1935 መጨረሻ በካቴድራሉ ባደረገው ስብከት የኢጣልያ ጦር በደም ዋጋ የኢትዮጵያን በር ለካቶሊክ እምነትና ለሮም ሥልጣኔ እየከፈተ ነው አለ። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ስለሆነች አገር ነው የሚናገረው። በሜይ 1937 ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስጨፈጨፈ።

የባሕር ማዶው ኢጣልያዊ ታሪክ ለዚህ ድረ ገጽ አንባቢ ይበልጥ ሳይቀርብ አይቀርም። ኒው ዮርክ ውስጥ የሚኖረው ኢጣልያዊ ፋሽስት ፖሊስ አያስፈራውም። ጋዜጣ መርጦ ማንበብ ይችላል፤ ልጁም አይዘምትም። ሆኖም ብዙ ሴቶች እዚያም ቀለበታቸውን አወለቁ። «ኢል ፕሮግሬሶ» የተባለው ትልቁ የጣልያንኛ ጋዜጣ ገንዘብ አሰባሰበ። ማዕቀቡን ለመዝለል ከመዳብ የተሠሩ ፖስት ካርዶች ወደ ኢጣልያ ይላኩ ነበር፤ ሰላምታው ሰበብ ነው፤ የተፈለገው መዳቡ ነው። ይህ ሰው በየፋብሪካው ሲሰደብ የኖረ፣ ስሙን እንግሊዝኛ አስመስሎ የለወጠ፣ ልጆቹ በጣልያንኛ ሲያናግራቸው የሚያፍሩበት ሰው ነው። አገሩ ስትፈራ ባየ ጊዜ ትከሻው ቀና አለ። ጦርነቱ ለእሱ የመጣው እንደ ዜናና እንደ ባንዲራ፣ እንደ መዋጮና እንደ ራት ግብዣ ነው። ደሙ አይታይም፤ ኩራቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ሃርለም ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ ሁለት ጎዳና አልፎ ኢጣልያውያኑ ለኢጣልያ ያሰባስቡ ነበር። በጁን 1935 ጆ ሉዊስ ግዙፉን ፕሪሞ ካርኔራን በያንኪ ስታዲየም ሲዘርረው የቦክሱ ግጥሚያ የዐድዋ መልክ ነበረው። ወረራው በተጀመረ ሰሞን ሃርለምና ብሩክሊን ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በጎዳና ላይ ተደባደቡ። ሁለቱም በዚያች አገር የተናቁ ነበሩ። ከኢጣልያውያኑ መካከል እምቢ ያሉም ነበሩ፤ ካርሎ ትሬስካ እዚያው ኒው ዮርክ በጋዜጣው፣ ጋኤታኖ ሳልቬሚኒ ከሃርቫርድ ሆኖ ፋሽዝምን ይዋጉ ነበር። በገዛ ማኅበረሰባቸው ውስጥ ከሃዲ ተባሉ። ከአገር ቤት ርቆ ለጦርነት መዋጮ አለመስጠት አንዳንድ ጊዜ አገር ቤት ከመቃወም ያላነሰ ብቸኝነት አለው፤ ስደተኛው ያለው ቤት ማኅበረሰቡ ብቻ ነውና።

ሁሉም ግን አልተነካም። ሐኪሙና ሠዓሊው ካርሎ ሌቪ በፋሽዝም ተቃዋሚነቱ ወደ ደቡብ ተግዞ በ1935 እና በ1936 አሊያኖ በምትባል የሉካኒያ መንደር ኖሯል። በኋላ ያየውን ጽፎ ታወቀ። የመንደሩ ገበሬዎች ለጦርነቱ ደንታ አልነበራቸውም። ሮም ለእነሱ ግብር የሚሰበስብ፣ ልጅ የሚወስድ የሩቅ ኃይል ናት፤ ዘመድ ያላቸው ኒው ዮርክ ነው። ከከንቲባው ራዲዮ የሚወጣው የድል ጩኸት ጆሯቸውን አልፎ ልባቸው አልደረሰም። ፓስኮሊ ወዛደር ብሎ የተናገረላቸው እነዚህ ነበሩ። ንግግሩን ያጨበጨበለት ግን መምህሩ፣ ፋርማሲስቱና ጸሐፊው ነው። እነሱ ማንበብ የሚችሉ ስለሆኑ በታሪክ ውስጥ ራሳቸውን ማየት ይፈልጉ ነበር። ሌቪ የተፈታው በሜይ 1936 ነው፤ የአዲስ አበባን መያዝ ምክንያት በማድረግ በተሰጠ ምሕረት።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ መኮንን የነበረው ኤኒዮ ፍላያኖ በ1947 አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። አንድ የኢጣልያ መቶ አለቃ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት ገድሎ ሬሳዋን ይደብቅና ከጥፋቱ ሲሸሽ ይታያል፤ በመጨረሻ የሚቀጣው አይገኝም። መጽሐፉ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት አገኘ። ሕዝቡ ግን በመቶ አለቃው መንገድ ሄደ፤ «እኛ ኢጣልያውያን ደጎች ነን» የሚለው ተረት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጸና። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ደል ቦካ ስለ መርዝ ጋዙ ሰነድ እያወጣ ሲጽፍ ከሃዲ ተባለ። በፅኑ ከተከራከሩት አንዱ ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነው። በ26 ዓመቱ በፈቃደኝነት ዘምቶ እዚያው ነበር፤ ጋዝ አላየሁም፣ አልሸተተኝም ይል ነበር። ምናልባት በእርግጥም አላየም ይሆናል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ሞንታኔሊም በዚያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ። ከቀለበቱ ቀን ስልሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሐውልቱ ሥር ወረፋ ይዘው ከነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ አልፈዋል።